ሦስት ቁጥር ቆብ በአራት ቁጥር ቢየላ ላይ፦ የአቶ ጉልላት ወልደየስ የሕይወት ታሪክ

አቶ ጉልላት ወልደየስ ከአባታቸው ከአቶ ወልደየስ ሀብቴ እና ከእናታቸው ከወ/ሮ ውድነሽ ተክሌ፣ በአዲስ አበባ ከተማ፣ በጉለሌ፣ ከቁስቋም ማርያም ቤተ ክርስቲያን ዝቅ ብሎ ባለው ሰፈር ግንቦት 12 ቀን 1943 ዓ.ም. ተወለዱ። ለወላጆቻቸው ከስድስት ልጆች ሦስተኛው ናቸው። ይህን የሕይወት ታሪክ የጻፍኩትና የማነበው ሴት ልጃቸው ሮሐ ነኝ። የጻፍኩት ግን እሳቸው ራሳቸው ታመው በተኙበት "ጻፊ" እያሉኝ ነው። ስለዚህ ከተለመደው ትንሽ ቢረዝምባችሁ፣ ቢጎረብጣችሁም፣ ቅሬታችሁን ለእኔ ሳይሆን ለእሳቸው አቅርቡ።

አባታቸው አቶ ወልደየስ ጎሚስታ ነበሩ። አቶ ጉልላት የሰባት ዓመት ልጅ ሳሉ የአባታቸውን የጎማ መንፊያ ፓምፕ ሳይፈቀድላቸው ፈትተው፣ ሳይፈቀድላቸው መልሰው ገጠሙት። ፓምፑ ሠራ፤ ነገር ግን አንዲት ትንሽ ቀለበት ተረፈች። አባታቸው ተቆጡ። እናታቸው ወ/ሮ ውድነሽ ግን ቀለበቷን በመቀነታቸው ጫፍ ቋጥረው "ለምን እንደተረፈች ያወቅህ ቀን እሰጥሃለሁ" አሏቸው። ልጃቸው የሙያ ምስክር ወረቀት ይዘው ሲመጡም እውነትም አውጥተው ሰጧቸው። አቶ ጉልላት ቀለበቷ ለምን እንደተረፈች ለእናታቸው ሙሉ ከሰዓት በኋላ ቁጭ ብለው አስረዱ። አያቴም "ገብቶኛል ልጄ፣ በቃ ገብቶኛል" አሉ። እኔ አድጌ ስጠይቃቸው ምንም እንዳልገባቸው እየሳቁ ነገሩኝ።

ፊደል የቆጠሩት በቁስቋም ማርያም የቄስ ትምህርት ቤት ነው። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በዊንጌት በ1961 ዓ.ም. አጠናቀቁ። ከዚያም የአውሮፕላን ጥገና ሙያ ተምረው፣ በ1964 ዓ.ም. የእርሻ መድኃኒት የሚረጩ ትናንሽ አውሮፕላኖች በሚጠገኑበት አንድ ወርክሾፕ፣ በሞተር ክፍል ውስጥ ተቀጠሩ። በዚያ ክፍል በአራት ዓመት የሚበልጧቸው፣ የተገጠመውን ሞተር አይተው የሚፈርሙ አንድ ሰው ነበሩ፤ አቶ ሸፊ ሙዘይን ይባላሉ። የአቶ ሸፊ አባት ሱቅ ዊንጌት ታክሲ መያዣው አጠገብ ስለነበር ሁለቱ የአንድ ሰፈር ልጆች ሆነው ተገኙ። አሥራ ሁለት ዓመት በአንድ አውቶቡስ ሄደው በአንድ አውቶቡስ ተመለሱ። አባቴ ስለ አቶ ሸፊ ሲያወሩ "እኔ በመለኪያ የማላገኘውን ጭረት ሸፊ በአውራ ጣቱ ያገኘዋል" ይሉ ነበር።

በ1970 ዓ.ም. ከወ/ሮ የዓለምወርቅ መኮንን ጋር በተክሊል ጋብቻቸውን ፈጸሙ። እናቴ እንደሚሉት ያገቡት ሰውዬውን ሳይሆን የሰውዬውን ጥፍር ነው፤ ምክንያቱም በሽምግልናው ቀን ቀና ብለው ለማየት አፍረው ስለነበር ያዩት እጃቸውን ብቻ ነው፤ ጥፍራቸው ሥር ደግሞ ቅባት ነበረ። "የሚሠራ ሰው ነው አልኩ፣ እሺ አልኩ" ይላሉ። ወንድሜ ቢኒያም በ1973፣ እኔ ደግሞ ሰኔ 10 ቀን 1976 ዓ.ም. ተወለድን።

አሁን ስለ ሥራቸው ጥቂት ላስረዳ። አለበለዚያ ቀጥሎ የሚመጣው አይገባችሁም፤ እሳቸውም "ሰው ያልገባውን ነገር አታንብቢ" ብለውኛል። በሞተር ውስጥ ፒስተን የሚባለው ብረት በሲሊንደሩ ውስጥ ይመላለሳል። አውሮፕላኑን የሚጎትተው ፊት ለፊት ያለው ፕሮፔለር ግን መዞር አለበት። መመላለሱን ወደ መዞር የሚለውጠው ክራንክ ሻፍት የሚባል ክርን ክርን ያለው ብረት ነው። ፒስተኑንና ክራንክ ሻፍቱን የሚያገናኘው ክንድ ደግሞ ጋራዥ ውስጥ ቢየላ ይባላል። ብስክሌት የነዳ ሰው ያውቀዋል፤ ጉልበት ወደ ላይና ወደ ታች ይላል፣ ፔዳሉ ግን ይዞራል። በመሃል ያለው ቅልጥማችሁ ቢየላ ነው።

ቢየላው ክራንክ ሻፍቱን የሚያቅፍበት ጫፉ ሁለት ግማሽ ነው፤ ተነቃዩን ግማሽ ቆብ ይሉታል። ፋብሪካው ቀዳዳውን የሚያስተካክለው ቢየላውንና ቆቡን አንድ ላይ አጥብቆ ነው። ስለዚህ አንዱ ቆብ ለሌላ ቢየላ አይሆንም። ዓይን አይለየውም፤ ሲገጠምም ልክ ይመስላል። ሲሠራ ግን ይግላል፣ ሲግል ይቀልጣል፣ ሲቀልጥ ይሰበራል። እንዳይለዋወጡ ሲባል በቢየላውም በቆቡም ላይ አንድ ዓይነት ቁጥር ተመቶባቸዋል። አባቴ ይህን አስረድተውኝ ሲጨርሱ "ይኸው ነው። ከዚህ በላይ የሚከብድ ነገር የለውም" አሉኝ።

ነሐሴ 28 ቀን 1976 ዓ.ም. ሰኞ ነበር። በማግስቱ ሰማንያ ቀን ስለሚሞላኝ ክርስትናዬ ነው። በግ ገና አልተገዛም። አቶ ጉልላት ባለ ስድስት ሲሊንደር አንድ ሞተር እየገጠሙ ነበር። ደንቡ እንዲህ ነው፦ አንድ ቢየላ ከነቆቡ ብቻውን በነጭ ጋዝ ይታጠባል፣ ይደርቃል፣ ቁጥሩ ይነበባል፣ ይገጠማል፤ ከዚያ ነው ሁለተኛው የሚነሳው። እሳቸው ግን የበግ ገበያው ሳይበተን ለመድረስ ብለው ስድስቱንም ቆቦች በአንድ ጣሳ ውስጥ አጠቧቸው። ሲገጥሙም የሦስት ቁጥሩን ቆብ በአራት ቁጥሩ ቢየላ፣ የአራት ቁጥሩን በሦስት ቁጥሩ ላይ አደረጉ። ቁጥሩን አላነበቡም። ቁጥር ማንበብ ሦስት ሰከንድ ይወስዳል፤ በኋላ ብዙ ጊዜ በሰዓት ለክተውታል።

ስምንት ሰዓት ላይ አቶ ሸፊን "ጨርሻለሁ፣ ልሂድ?" አሏቸው። አቶ ሸፊም "ሂድ እንጂ፣ በጉ ጥሎህ እንዳይሄድ" አሏቸው። በዚያን ጊዜ ከሥራ ሰዓት በፊት መውጣት ቀላል ጥፋት አልነበረም። ስለዚህ አቶ ሸፊ የባልንጀራቸው አለመኖር እንዳይታወቅ በመውጫ ሰዓት በሚሞላው የሥራ ወረቀት ላይ "የገጠመው" በሚለው መስመር የራሳቸውን ስም ጻፉ። "አይቶ ያረጋገጠው" በሚለውም ላይ ፈረሙ። አላዩም ነበር። ጉልላት የገጠመውን ምን ብለው ያዩታል?

ክርስትናው ደመቀ። አቶ ሸፊም መጥተው፣ ለእሳቸው ለብቻ የተሠራላቸውን በልተው፣ እኔን አቅፈው መርቀው ሄዱ።

መስከረም 11 ቀን 1977 ዓ.ም. ያ አውሮፕላን በአዋሽ የጥጥ እርሻ ላይ መድኃኒት እየረጨ ሳለ ሦስት ቁጥር ቢየላ ተሰብሮ የሞተሩን ጎን ቀዶ ወጣ። አብራሪው ካፒቴን ኢዩ እንደምንም ብለው ጥጡ መሃል አሳረፉት። አንድ እግራቸውና ሦስት የጎድን አጥንታቸው ተሰበረ። ተመስገን ነው፣ ነፍሳቸው ተረፈች።

ሞተሩ በጭነት መኪና ተጭኖ መጥቶ በአጣሪ ኮሚቴ ፊት ተፈታ። ዘመኑ የደርግ ነው፤ "አሻጥር" የሚለው ቃል ከአንድ ሰው አፍ ከወጣ የሚሆነውን በዕድሜ የገፋችሁ ታውቃላችሁ። የቆቦቹ ቁጥር ተነበበ። ቀጥሎ የሥራ ወረቀቱ ተነበበ። ወረቀቱ ላይ የነበረው ስም የአቶ ሸፊ ብቻ ነበር።

አቶ ጉልላት ያን ቀን መናገር ነበረባቸው። ወደ ኮሚቴው በር ሦስት ጊዜ ሄደው ሦስት ጊዜ ተመለሱ። ፈሩ። ይህን ቃል ሌላ የሚያምር ቃል እንዳልተካበት አስምለውኛልና ደግሜ አነበዋለሁ፦ ፈሩ። አቶ ሸፊ ደግሞ ኮሪደር ላይ አግኝተዋቸው "አንተ ሁለት ልጅ አለህ፣ አንዷ ገና ጡት አልጣለችም። እኔ የማሳድገው የለኝም። አርፈህ ተቀመጥ" አሏቸው። አርፈው ተቀመጡ። አቶ ሸፊ አምስት ወር ታሰሩ፤ ከሥራ ተባረሩ፤ ሁለተኛ የአውሮፕላን ሞተር እንዳይነኩም ተከለከሉ። ያ አውራ ጣት ከዚያ ወዲህ በአባታቸው ሱቅ ስኳርና ሳሙና ሲሰፍር ኖረ።

በወርክሾፑም ስም ወጣላቸው፤ "ሞተር ገዳዩ" ተባሉ። በ1979 ዓ.ም. ወ/ሮ ጀዊሪያን ሲያገቡ ከሥራ ባልደረቦቻቸው መካከል በሠርጋቸው ላይ የተገኙት አቶ ጉልላት ብቻ ናቸው። ያ ስም ከወጣላቸው ጀምሮ አንዳንዶቻችሁ መንገድ ላይ ስታገኟቸው ዞር እንዳላችሁ አውቃለሁ። ዛሬ እዚህ ያላችሁ አላችሁ። አልፈርድባችሁም፤ የሰማችሁት ያንን ነበር። ዛሬ ግን ሌላ ሰማችሁ።

አቶ ጉልላት ከዚያ በኋላ ሌላ ሰው ሆኑ። በቤታችን ያሉት ድስቶች በሙሉ ከነክዳናቸው ቁጥር ተመቶባቸዋል። በመዶሻና በቁጥር መምቻ አንድ ቅዳሜ ሙሉ ቁጭ ብለው ነው የመቷቸው። ልጅ ሆኜ የሁለት ቁጥርን ክዳን አምስት ቁጥር ድስት ላይ ከድኜ ሲያዩ ፊታቸው ይለዋወጥ ነበር፤ ሳይናገሩ ተነስተው ያስተካክሉታል። እናቴ "እብደቱ ወደ ድስቴም ተጋባ" እያሉ ለጎረቤት ያወሩ ነበር። እኛም ስቀናል። የእድራችን ንብረት ጠባቂ ሆነው በተመረጡ ጊዜም መጀመሪያ ያደረጉት የእድሩን ሃያ አራት ድስት ከነክዳኑ ቁጥር መምታት ነው። ምክንያቱን የሚያውቅ አልነበረም።

ሌላም ልማድ ነበራቸው። ሞተር ሲገጠም ትይዩ የሆኑት ጥንድ ቢየላዎች ክብደታቸው መመጣጠን አለበት፤ አለዚያ ሞተሩ ይንቀጠቀጣል። አቶ ጉልላት የመውጫ ወረቀት አጽፈው፣ ስድስቱን ቢየላ በጨርቅ ጠቅልለው፣ በዘንቢል ተሸክመው ዊንጌት ይወርዱና በአቶ ሸፊ ሱቅ ሚዛን ያስመዝኗቸው ነበር። ሚዛኑ ባለ ሁለት ሳህን ነው፤ ግራና ቀኝ አንድ አንድ ቢየላ ይቀመጣል፣ ያነሰው ሳህን ላይ ባቄላ ይጨመራል። "አራት ባቄላ ይበልጣል" ይባላል። ወ/ሮ ጀዊሪያ ደንበኛ መጥቶ ምስር ሲጠይቃቸው "ቆይ፣ አውሮፕላን እየተመዘነ ነው" ይሉ ነበር። ሰፈሩ ሁሉ ይህን እንደ ቀልድ ያውቀዋል።

ቀልድ አልነበረም። ወርክሾፑ ከባቄላ የተሻለ ሚዛን ነበረው። አባቴ ዘንቢሉን የሚሸከሙት ለሚዛኑ ሳይሆን ለአውራ ጣቱ ነው። አቶ ሸፊ እያንዳንዱን ቢየላ ከነቆቡ ያነሳሉ፣ ቁጥሩን ጮክ ብለው ያነባሉ፣ ጣታቸውን በውስጡ ያዞራሉ፣ "ደህና ነው" ይላሉ። "ደህና ነው" ያላሉት አይገጠምም። ይህ ከ1979 እስከ 2003 ዓ.ም.፣ ሃያ አራት ዓመት ሙሉ ነው። በእነዚያ ዓመታት አቶ ጉልላት ከገጠሙት ሞተር አንድም ቢየላ አልተሰበረም። በ2003 ጡረታ ሲወጡ የምስጋና የምስክር ወረቀት ተሰጣቸው። ወረቀቱን በመስተዋት አስገብተው ወስደው አቶ ሸፊ ሱቅ ውስጥ፣ ከዘይቱ መደርደሪያ በላይ ሰቀሉት። የዘይት ደንበኞች ሁሉ "ጉልላት ማነው?" ብለው የጠየቁት ይህንኑ አይተው ነው።

ለምን በሕይወት እያሉ አልተናገሩም የምትሉ ትኖራላችሁ። እኔም ብያለሁ። ተናግረዋል። በ1984 ዓ.ም. ሁሉን ጽፈው፣ ፈርመው ለመሥሪያ ቤቱ አስገቡ። ወርክሾፑ ያን ጊዜ ወደ ሌላ መሥሪያ ቤት ተዛውሮ ነበር፤ የድሮው ፋይል የት እንደገባ የሚያውቅ ጠፋ፤ ደብዳቤውን የተቀበለውም ሰው "አባቴ፣ ያለቀ ነገር አይቆስቁሱ" ብሎ መለሳቸው። አቶ ሸፊ ይህን ሲሰሙ ስድስት ወር አኮረፏቸው። "ማን ጠየቀህ? የተሰጠህን ዕቃ እንዲህ ነው የምትይዘው?" አሏቸው። አቶ ጉልላት ካፒቴን ኢዩም ቤት ሄደው እግራቸው ላይ ወደቁ። ካፒቴኑ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ "እግሬ ላይ አትውደቅ፣ እሱ ነው የተሰበረው" ብለው ሳቁ፤ ከዚያ ግን ሁለት ዓመት ሰላምታ ነፈጓቸው። ተገቢ ነው። በሦስተኛው ዓመት ለፋሲካ ራሳቸው መጡ።

በመጨረሻ ሁለቱ ጓደኛሞች በአንድ ነገር ተስማሙ። አቶ ጉልላት በሰው ፊት ካልተናገርኩ አልሞትም ብለው ድርቅ ሲሉ አቶ ሸፊ ሰለቻቸውና "እሺ፣ ከሞትክ በኋላ አስነብበው!" አሉ። በአራት ዓመት ስለሚበልጡ ቀድሜ እሄዳለሁ ብለው ነው። ተሳሳቱ።

አቶ ጉልላት ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በልብ ሕመም ይሰቃዩ ነበር፤ በጳውሎስ ሆስፒታልም ሲታከሙ ቆይተዋል። ባለፈው ሐምሌ ተኝተው ሳለ ደብተር ይዤ እንድመጣ አዘዙኝና ይህን ሁሉ ነገሩኝ። እውነቱን ልናገር፤ ሁለት ቀን ተመልሼ አልሄድኩም። አርባ አንድ ዓመቴ ነው። አባቴ በየዓመቱ የክርስትናዬ ቀን ሲደርስ ለምን ዝም እንደሚሉ፣ ለምን ያን ቀን በግ ቤታችን እንደማይገባ አላውቅም ነበር። አልወደዱኝ ይሆን ብዬ ልጅ ሆኜ ያለቀስኩበት ቀን ነው። አሁን ደግሞ ለካ በእኔ ክርስትና ምክንያት አንድ ሰው ታስሮ፣ ስሙ ጠፍቶ፣ ሙያው ባክኖ ኖሯል።

በሦስተኛው ቀን ዊንጌት ወርጄ ሱቁ ውስጥ ቆምኩ። እንባዬ መጣ። አቶ ሸፊ ገና ሲያዩኝ ገባቸው። በርጩማ ሳቡልኝና እንዲህ አሉኝ፦ "ስሚ ልጄ። አባትሽ ቸኮለ። እኔ ሳላይ ፈረምኩ። አንቺ ግን ያን ቀን ተኝተሽ ነበር።" ከዚያ ለስላሳ ከፍተው ሰጡኝ። ተያይዘን ወደ ጳውሎስ ወጣን። አባቴ ሁለታችንን በበሩ አብረን ሲያዩን ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። አቶ ሸፊ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው የአባቴን እጅ ያዙና ጥፍራቸውን ያዩ ጀመር። "ቅባቱ ለቀቀ" አሉ። አባቴ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፤ ከዚያ ሦስታችንም አለቀስን።

ከዚያ ወዲህ አቶ ሸፊ በሰባ ስምንት ዓመታቸው፣ በየቀኑ፣ አንድ ቀን ሳያጓድሉ መጥተው ጠይቀዋቸዋል። የመጨረሻዎቹን ሦስት ሳምንታት አባቴ ቤታቸው ገብተው አሳለፉ። ወንድሜ ቢኒያም ሌሊቱን፣ እናቴ ጠዋቱን፣ አቶ ሸፊ ከሰዓት በኋላውን ተካፈሉት። አቶ ጉልላት ወልደየስ ማክሰኞ ኅዳር 9 ቀን 2018 ዓ.ም. ንጋት ላይ፣ በተወለዱ በ74 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። የቀብራቸውም ሥነ ሥርዓት እነሆ፣ ዘመድና ወዳጅ በተገኘበት፣ እኔን ባስጠመቁበት በቁስቋም ማርያም ቤተ ክርስቲያን በዛሬው ዕለት ይፈጸማል።

ይህ ጽሑፍ እንዳይነበብ ሁለት ሰዎች ለምነውኛል። አንደኛው የአባቴ ታናሽ ወንድም ጋሽ ዮናስ ናቸው። "የሟች ስም ይሸፈናል እንጂ በሬሳው ፊት ጥፋት አይነበብም፤ አገር ምን ይለናል?" አሉ። ጋሼ፣ ደንቡ እንደዚያ ነው፤ አልተሳሳቱም። እኔ ግን በአባቴ እጅ ላይ እጄን አድርጌ ቃል ሰጥቻለሁ። ይህን ስነግራቸው ፍላሹን ከእጄ ተቀብለው ማተሚያ ቤት የወሰዱት ራሳቸው ናቸው። በእጃችሁ ባለው ወረቀት ላይ አንድ ቃል አልቀነሱም።

ሁለተኛው አቶ ሸፊ ናቸው። ትናንት ከሰዓት በኋላ ቤታችን መጥተው "አርባ አንድ ዓመት የተሸከምኩትን ዛሬ ለምን ታወርጂዋለሽ? ሰውዬውን በክብር ቅበሩት" አሉኝ። ከልጅነቴ ጀምሮ እንቢ ብያቸው አላውቅም። ጋሽ ሸፊ፣ ዛሬ ብቻ እንቢ አልኩዎት፤ ይቅር ይበሉኝ። አባቴ በሕይወታቸው የፈሩት አንድ ቀን ነበር፤ ያን ቀን እንድጨርስላቸው ነው የጠየቁኝ። ኮሚቴው በር ላይ ሦስት ጊዜ ደርሰው ተመልሰዋል። ይኸው ዛሬ ገቡ።

አቶ ጉልላት ባለትዳርና የሁለት ልጆች አባት፣ የሦስት ልጆችም አያት ነበሩ። ባለቤታቸውን ወ/ሮ የዓለምወርቅ መኮንንን፣ ልጆቻቸውን ቢኒያምን እና ሮሐን፣ የልጅ ልጆቻቸውን ሲናን፣ ሀሌሉያን እና ሳሌምን፣ ወንድማቸውን አቶ ዮናስ ወልደየስን እና ወንድማቸውን አቶ ሸፊ ሙዘይንን ትተው አልፈዋል። ይህ የመጨረሻው ስም በስህተት የገባ አይደለም። አባቴ ራሳቸው ናቸው ያስጻፉት፤ ጽፌ ስጨርስም ደብተሩን ተቀብለው፣ መነጽራቸውን አድርገው፣ እያንዳንዱን ስም በጣታቸው እየነኩ አንብበዋል።

አሁን የቤተሰቡ ልመና። ከቀብር መልስ ድንኳን ስትገቡ ከእድራችን ድስት ንፍሮ ይቀርብላችኋል፤ ክዳኑ ላይ ቁጥር አለ፤ ለምን እንደተመታ ከዛሬ ጀምሮ ታውቃላችሁ። የሐዘንተኛው አግዳሚ ላይ በእናቴና በቢኒያም መሃል አንድ ቦታ ትተናል። ጋሽ ሸፊ ይህን ሳነብ እንደ ልማዳቸው ከኋላ፣ ከበሩ አጠገብ፣ ሰው ሳያያቸው እንደሚቆሙ አውቃለሁ። ጋሽ ሸፊ፣ ቦታው የእርስዎ ነው፤ ቆመው አያስጠብቁን። ከወርክሾፑ የመጣችሁ የአባቴ ባልደረቦች፣ እናንተ ሁላችሁም፣ ድንኳን ስትገቡ ለእኛ "እግዚአብሔር ያጽናችሁ" ከማለታችሁ በፊት መጀመሪያ ወደ እሳቸው ሂዱ። እጃቸውን ያዙ። ስማቸውን ጠርታችሁ አጽኗቸው፤ ስማቸው ሸፊ ነው።

እያንዳንዱን በስሙ የሚያውቅ፣ የአንዱን ለሌላው የማይለውጥ አምላክ፣ የአባታችንን የአቶ ጉልላትን ነፍስ ተቀብሎ በአብርሃም፣ በይስሐቅና በያዕቆብ አጠገብ ያሳርፍልን። ለቀረነውም ሁሉ ሳንቸኩል የምንኖርበትን ዕድሜ ይስጠን። አሜን።